«ጌታ ሆይ፣ በቃኝ» ማለት ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን ቀን እየሠራሁ፣ ማታ ጥናት እየገባሁ፣ እስከ ማታ እህል ሳልቀምስ ጨረስኩት። ሰሙነ ሕማማትን ስሰግድ ሰንብቼ የፋሲካን ሌሊት ስዘምር አደርኩ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በሳምንቱ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሁሉ ነገር ባዶ ሆነብኝ። መጸለይ አቃተኝ፣ እንቅልፍም አጣሁ። አንድ ሌሊት «ጌታ ሆይ፣ በቃኝ፣ ውሰደኝ» ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ደንግጬ ለራሴ ጾም አወጅኩ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። እንዲህ ሆኜ ከመዘምራኑ ጋር መቆም ስላሳፈረኝም ቀርቻለሁ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ምሳሽን ብዪ።

ቀልዴን አይደለም። ያለነው በዓለ ኀምሳ ውስጥ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። ታዲያ ይህን ጾም ማን አዘዘሽ? የንስሐ አባትሽ እንዳላዘዙሽ ከአጻጻፍሽ ገብቶኛል። ቤተ ክርስቲያን 55 ቀን ካስጾመች በኋላ ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ፣ ዕረፉ ያለችው ዝም ብላ አይደለም። ሥርዓት ማለት በጾሙ ቀን መጾም ብቻ አይደለም፤ በዕረፍቱ ቀን ማረፍም እኮ ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። «በቃኝ» ያልሽው አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ሙሴም ሕዝቡ ሲከብደው ግደለኝ ብሎ ለምኗል፣ ዮናስም ብሏል (የዮናስ እንኳ ኩርፊያ ነበረች)። ያንቺ ነገር ግን ቁርጥ የኤልያስን ነው የመሰለኝ።

መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18ን እና 19ን አንድ ላይ አንብቢያቸው። ብዙ ጊዜ 18ን እንሰብካለን፣ 19ን እንዘላለን። በ18 ኤልያስ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ብቻውን በኣል ከሚባለው ጣዖት 450 ነቢያት ፊት ቆመ፣ እሳት ከሰማይ ወረደ፣ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላም ዝናብ መጣ። ከዚያ ልብሱን ታጥቆ እስከ ኢይዝራኤል ድረስ ከንጉሡ ከአክዓብ ሠረገላ ፊት ሮጠ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፣ ያውም ያን ሁሉ ቀን ቆሞ ውሎ። ያንቺ የፋሲካ ሌሊት ይኸው ነው።

ከዚያ የአክዓብ ሚስት ኤልዛቤል የበኣል ነቢያት ስለተገደሉባት «ነገ በዚህ ሰዓት እገድልሃለሁ» ብላ መልእክተኛ ላከች። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ፣ የእውነት ሊገድል የፈለገ ሰው ገዳይ እንጂ መልእክተኛ ይልካል? ኤልያስ ግን ይህን የሚያሰላበት አቅም አልነበረውም። ከ450 ሰው ፊት ያልተንቀጠቀጠው ነቢይ አንዲት ቃል ሰምቶ ተነሥቶ ጠፋ። እስከ ቤርሳቤህ ወረደ፤ ይህ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በእግር ደርሶ ገና መንገድ እንደሚቀረው ሰው አስቢው። በአንድ ቀን እምነቱ ተንኖ ነው? አይመስለኝም። ሰውዬው ደክሞት ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብም ስለ ጸሎቱ ኃይል ሊነግረን ሲል በቅድሚያ ያስታወሰን እንደ እኛ ያለ ሰው መሆኑን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። ቤርሳቤህ ሲደርስ አብሮት የነበረውን ብላቴና እዚያው ተወው። ከዚያ ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ሞቱን የለመነው ሰው ካጠገቡ ከሌለ በኋላ ነው፣ ከክትክታው ዛፍ ሥር። አንቺም «አፍሬ ከመዘምራኑ ቀረሁ» ስትዪኝ የታየኝ ይህ ብላቴና ነው።

እስቲ እግዚአብሔር ምን እንዳደረገ ተመልከቺ። እኔ ብሆን «አንተ እኮ ትናንት እሳት ያወረድክ ሰው ነህ፣ አታፍርም?» እለው ነበር። መልአኩ ቀስቅሶ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ተነሥተህ ብላ። ራስጌው እንጎቻና ውኃ ተቀምጦለታል። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ለምን ትተኛለህ አላለውም። ሁለተኛ ቀሰቀሰውና አሁንም ብላ አለው፣ መንገዱ ይበረታብሃል ብሎ። ተግሣጽ የለም። «ይህን ያህል ስገድ» የለም። ወደ እግዚአብሔር ተራራ ወደ ኮሬብ የ40 ቀንና የ40 ሌሊት መንገድ የመጣው ከበላና ከተኛ በኋላ ነው። አንቺ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሽው፣ በደከመ ጉልበትሽ ላይ ሌላ ጾም ጨመርሽበት።

ኮሬብ ላይ እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። እርሱም ሁለት ጊዜ ያንኑ መለሰ፣ ነቢያትህን ገደሉ፣ ብቻዬን ቀረሁ አለ። ብቻውን አልነበረም እኮ! የአክዓብ ቤት አዛዥ አብድዩ 100 ነቢያትን 50 50 አድርጎ በዋሻ መሸሸጉን ቀደም ሲል ራሱ ነግሮታል። ሰምቷል፣ ግን የደከመ ሰው የሰማውን ይረሳል። እግዚአብሔርም ለበኣል ያልተንበረከኩ 7000 አሉኝ አለው። ባዶ ቃል ብቻ ሰጥቶም አልላከውም፣ ሰው ሰጠው፤ በ12 ጥማድ በሬ ሲያርስ ያገኘውን ኤልሳዕን። ብላቴናውን ጥሎ የሄደው ነቢይ ከዚያ በኋላ እስኪያርግ ድረስ የሚከተለው ሰው አላጣም።

ኮሬብ ላይ ነፋሱ፣ የምድር መናወጡና እሳቱ አልፈው የመጣውን ያን ቀጭን ድምፅም አትርሺ። ፋሲካ ሌሊት ከበሮው ሲመታ እግዚአብሔር በቅርብ ያለ ይመስላል፣ ከበሮው ዝም ሲል ደግሞ የሄደ ይመስለናል። ቀርሜሎስ ላይ በእሳት መለሰ፣ ኮሬብ ላይ ግን በእሳቱ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እምነትሽን በዚያ ሌሊት በነበረሽ ስሜት አትለኪው።

ኃጢአት ነው ወይ ላልሽኝ፣ ወደ እግዚአብሔር ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። ኤልያስ እጁን በራሱ ላይ አላነሣም፣ ነፍሱን የሰጠውን ነው የለመነው። እርሱም ልመናውን እምቢ አለው፣ ያን ቀን ልሙት ያለው ሰው ሞትን ሳያይ በእሳት ሠረገላ ወጣ፣ ዕርገቱንም ጥር 6 እናከብራለን። ለንስሐ አባትሽ ግን ያልሽውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልጠይቅሽ፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ይመጣብሻል? ከመጣብሽ ይህን ጽሑፍ አቁሚና አሁኑኑ ለቤተሰብሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ብቻሽን አትደሪ፣ ሐኪም ቤትም ይውሰዱሽ። ሐሳቡ ባይኖርም እንቅልፉ እምቢ ካለ ሐኪም እዪ። ጸበል የሚጠጣ ሰው ሐኪም አያይም ያለሽ ካለ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አሳዪው፣ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል።

ለጊዜው ጸሎትሽን አሳጥሪው። አቡነ ዘበሰማያት ደግመሽ ተኚ። የቀረውን ስትበረቺ ትጨምሪያለሽ። (ሌሎቻችሁ ይህን ይዛችሁ ከሰኔ ጾም ልታመልጡ እንዳታስቡ፣ እሱ ሲገባ እንጾማለን።) እሑድ ደግሞ ጥናት ሂጂ። ድምፅሽ እምቢ ካለ ከኋላ ቁሚ፣ አጠገብሽ ላለችው «ደክሞኛል» በያት፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ማታ መልሰሽ ጻፊልኝ፣ ምሳ ምን እንደበላሽም ጭምር።