ለ22 እንግዳ ስንት ኪሎ ሥጋ ይበቃል?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን አሉ? ቤቴ ምሳ ጠርቻለሁ። ሰዎቹ 22 ናቸው፤ 14 አዋቂ፣ 6 ትንንሽ ልጆች፣ 2 ደግሞ ሥጋ የማይበሉ። የበሬ ቀይ ሥጋና የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ መሥራት አስቤያለሁ። እናቴ «ለሰው ግማሽ ኪሎ ቁጠሪ» ትላለች። ባለቤቴ «ይሄን ሁሉ ማን ይበላዋል?» ይላል። እንዳያንስብኝም፣ ተርፎ እንዳይበላሽብኝም ፈራሁ። ስንት ኪሎ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽ ግማሽ ኪሎ አጥንት ለበዛበት ሥጋ ያስኬዳል። ለቀይ ሥጋ ግን እጥፍ ነው፤ እዚህ ላይ ከባልሽ ጋር ነኝ።

ሰው የሚሳሳተው ሚዛን ላይ ያየው ሁሉ ሳህን ላይ የሚደርስ ስለሚመስለው ነው። አጥንት የሌለው 1 ኪሎ ሥጋ በስሎ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ 750 ግራም ገደማ ነው። ውኃው ይወጣል፣ ጮማው ይቀልጣል። ጮማ የበዛበትን ለረጅም ሰዓት ካበሰልሽው ደግሞ ወደ 600 ግራም ሊወርድ ይችላል። አጥንት ሲኖርበት ሌላ ሂሳብ ነው። ቅልጥምና ጎድን ሳህን ይሞላሉ እንጂ የሚበላው ትንሽ ነው።

እኔ ሁልጊዜ በጥሬው ነው የማሰላው። አጠገቡ ዳቦ፣ ሩዝና አትክልት ካለ ለአንድ አዋቂ 250 ግራም አጥንት የሌለው ሥጋ ይበቃል። ከነአጥንቱ ከሆነ 400 ግራም። ትንንሽ ልጆችን በግማሽ ቁጠሪ። ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረውን ጎረምሳ ግን ልጅ ብለሽ እንዳትሸወጂ፤ ከአባቱ ይበልጣል።

አሁን ወደ አንቺ ምሳ። 14 አዋቂ፣ 6 ልጆች እንደ 3 ሰው፣ በድምሩ 17 ድርሻ። ሁለት ዓይነት ሥጋ ሲቀርብ ሰው ሁለቱንም መቅመስ ስለሚፈልግ እኩል ግማሽ ግማሽ አድርገሽ አትክፈይው፤ ከየዓይነቱ የሙሉውን ድርሻ 60 በመቶ ያዢ። ከበሬው ለአንድ ድርሻ 150 ግራም፣ ከበጉ 240 ግራም ማለት ነው። ስለዚህ የበሬው 2 ኪሎ ተኩል፣ የበጉ 4 ኪሎ ይሁን። በቃ። «ለማንኛውም» ብለሽ ሌላ 2 ኪሎ አትጨምሪ። ከፈራሽ ሩዙንና ዳቦውን አብዢ።

ይህን ሁሉ አስልተሽም ሊያንስሽ ይችላል፤ ጣጣው አቀራረቡ ላይ ነው። ሰው ራሱ እያነሳ የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ የተነሳው ይቆልላል፣ መጨረሻ የመጣው መረቅ ይቀዳል። ስለዚህ ሥጋውን ከጠረጴዛው መጨረሻ አድርጊው፤ ሳህኑ እዚያ እስኪደርስ በሌላው ግማሽ ይሞላል። በጉን አጥንቱ ላይ ትልልቅ አድርገሽ አትተዪው፤ ሲገዛ በትንንሹ ይቆረጥልሽ። አንድ ሰው አንድ ትልቅ ቁራጭ ካነሳ የሁለት ሰው ድርሻ ሄደ ማለት ነው፣ ይሉኝታ ይዞትም አይመልሰውም። ከሁለቱም ሲሶውን ኩሽና አስቀርተሽ ሁለተኛ ዙር አውጪው።

ሥጋ ለማይበሉት የሠራሽውን ምግብ ለሁለት ሰው ብቻ አትለኪው። ሥጋ በሊታውም ከእሱ መቅመሱ አይቀርም፤ ለእነሱ ሳይደርስ ያልቃል። ጭልፋውም ለብቻው ይሁን።

የተረፈውን ደግሞ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዪው። ከነድስቱ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቺ፤ መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ይቆያል። ሰፋ ባሉ ዝርግ ዕቃዎች ከፋፍይው። እንዲህ ከተቀመጠ 3 ወይም 4 ቀን ይበላል፤ ከዚያ በላይ የምታቆዪውን በጊዜ ፍሪዘር ክተቺ። ስታሞቂ እስኪንተከተክ ይሁን፣ ያሞቅሽውንም ደግመሽ ወደ ፍሪጅ አትመልሺ።