መልስ፦ የይለፍ ቃል ደብተር ላይ መጻፍ

«እናቴ የይለፍ ቃሏን ስለምትረሳ ለሁሉም አንዱን ትጠቀማለች። ደብተር ላይ ብትጽፈው አደጋ አለው?» ብለው ለጠየቁት፦

ትጻፈው እንጂ! ሰርጎ ገብ ከሩቅ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ያለ ደብተር ማየት አይችልም። የሚያስፈራው አንዱን ቃል በየቦታው መደጋገሙ ነው፤ ከአንድ ድረ ገጽ ከሾለከ ሌሎቹን ሁሉ ይከፍታል። ደብተሩ ግን ከቤት አይውጣ፣ ስልኩ ጀርባ ላይም አይለጠፍ። በእርሳስ ቢጻፍ ይሻላል፤ ቃሉ ሲቀየር የድሮው ይጠፋና ግራ አያጋባም። የመጨረሻዎቹን ፊደላት ሳይጽፉ በልብ መያዝን የሚመክሩ አሉ፤ ለሚረሳ ሰው ግን እኔ አልመክረውም።

ከኢሜይሏ ይጀምሩ። የሌሎቹ አካውንቶች የይለፍ ቃል መቀየሪያ መልእክት የሚላከው እዚያ ስለሆነ፣ እሱ ከተሰረቀ ሁሉም ተሰረቀ ማለት ነው። ለእሱ የማይገናኙ 4 ቃላት ይምረጡ፤ ለምሳሌ ጃንጥላ፣ ምስማር፣ ሐሙስ፣ ዝንጀሮ ዓይነት (እነዚህኑ ግን አይውሰዱ)፣ በላቲን ፊደል አያይዘው ይጻፉ። ርዝመቱ ከምልክት ድርድር የበለጠ ይጠብቃል፣ ለማስታወስም ይቀላል። የልጅ ስምና የልደት ዓመት ይቅር። በየ3 ወሩ መቀየርም አያስፈልግም፤ የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ሾልኳል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ በየጊዜው መቀየርን አይመክርም።

ስልኳ በጣት አሻራ የሚከፈት ከሆነ፣ የይለፍ ቃሎቹን ራሱ ስልኩ እንዲያስቀምጥላት አብረዋት ቁጭ ብለው ያስተካክሉላት። ደብተሩ መጠባበቂያ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ደጋግመው ይንገሯት፤ በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ ደዋዩ ማንም ነኝ ቢል፣ አትስጥ።