የአንሲብል ጥያቄዎቻችሁ፦ ዴቭና ፕሮዳክሽን እንዳይቀላቀሉ

ድሬዎች፣ ሰላም ነው? ስለ አንሲብል (ሰርቨሮችን በራሱ የሚያዋቅር መሣሪያ) ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የመሞከሪያውን (ዴቭ) እና ደንበኛ የሚጠቀምበትን (ፕሮዳክሽን) ሰርቨር እንዴት እንለይ? በየተራ ልመልስ።

ከሳቢያን፦ አቦ፣ ለዴቭ አንድ ፕሌይቡክ፣ ለፕሮዳክሽን ሌላ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ?

ተው፣ ፕሌይቡኩን (አንሲብል የሚፈጽማቸው ሥራዎች የተጻፉበትን ፋይል) አንድ አድርገው። ሁለት ቅጂ ውሎ አድሮ መለያየቱ አይቀርም። ያኔ ዴቭ ላይ መሞከርህ ስለ ፕሮዳክሽን ምንም አይነግርህም። መለየት ያለበት ኢንቬንተሪው (አንሲብል የሚሠራባቸው ሰርቨሮች መዝገብ) ነው። ለዴቭ አንድ ፎልደር፣ ለፕሮዳክሽን ሌላ ፎልደር ክፈት። እያንዳንዱ የራሱ የሆስት (የሰርቨር) ዝርዝርና የራሱ «ግሩፕ ቫርስ» (የግሩፑ ቫሪያብሎች) ይኑረው። የዳታቤዝ አድራሻና የዶሜን ስም እዚያ ይገባል። ሮሉ (ፕሌይቡኩ የሚጠራው የታስኮች ስብስብ) የቫሪያብሉን ስም ብቻ ይወቅ።

ከከዚራ፦ ሁሉንም በአንድ ኢንቬንተሪ ይዤ በግሩፕ ብለያቸውስ?

ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርሽም። አንድ ሰርቨር «ፕሮዳክሽን» እና «ዌብ» በሚባሉ ሁለት ግሩፖች ውስጥ አለ እንበል። ሁለቱም ያንኑ ቫሪያብል ቢይዙ ማን ያሸንፋል? ግሩፖቹ እኩል ደረጃ ላይ ከሆኑ አንሲብል በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይወስዳቸዋል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል። ስለዚህ «ዌብ» ያሸንፋል። ለፕሮዳክሽን ብለሽ የጻፍሽው ተሽሮ ምንም ማስጠንቀቂያ አታዪም።

ሳላስበው ፕሮዳክሽን ላይ ራን እንዳላደርግስ?

በኮንፊግ ፋይሉ ላይ ዲፎልት ኢንቬንተሪው ዴቭ ይሁን። ፕሮዳክሽን የፈለገ ሰው ስሙን በእጁ ይጻፍ።

ፓስወርዶቹን ጊት (የኮዱ ለውጥ መዝገብ) ላይ ላስቀምጥ?

በቮልት (የአንሲብል የምስጢር መቆለፊያ) ቆልፈህ፣ አዎ። በኤኢኤስ 256 ነው የሚያመሰጥረው። ከአንሲብል 2.4 ጀምሮ ለዴቭና ለፕሮዳክሽን የተለያየ የቮልት ቁልፍ መስጠት ይቻላል። አዲስ የገባ ልጅ የዴቩን ብቻ ይያዝ። ቁልፉ ራሱ ግን ጊት ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

ከገንደ ቆሬ፦ ፕሌይቡኩ እየሄደ መብራት ቢጠፋብኝስ?

ይሄ ለኛ ዋናው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ፕሮዳክሽንን ከላፕቶፕህ አታሂድ። ከሰርቨሮቹ አጠገብ ባለ ማሽን ግባና በቲመክስ (ግንኙነት ቢቋረጥም ተርሚናሉን ክፍት የሚያቆይ ፕሮግራም) ውስጥ አስጀምረው። ያንተ ኔትወርክ ቢቆረጥም ሥራው ይቀጥላል።

ያም ሆኖ መሃል ላይ ከቆመ፣ ድጋሚ አስኪደው፤ በደንብ የተጻፈ ፕሌይቡክ ያለቀውን አይደግምም። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ኮንፊግ ተቀየረ እንበል። ሪስታርት የሚያደርገው ሃንድለር (ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚጠራ ታስክ) ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ታስኮቹ ሲያልቁ ነው። ከዚያ በፊት ከተቋረጠ፣ በሁለተኛው ዙር ፋይሉ አልተቀየረም ይባላል፤ ሃንድለሩም አይጠራም። ፋይሉ አዲስ ሆኖ ሰርቪሱ በአሮጌው ይቀጥላል። ሁሉም «ኦኬ» ስላለ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ ከተቋረጠ በኋላ ኮንፊጋቸው የተነካ ሰርቪሶችን ራስህ ሪስታርት አድርጋቸው።

ከሐረር፦ «ቼክ» ሞድ (ምንም ሳይቀይር የሚሞክረው) ላይ ካለፈ በቂ ነው?

«ዲፍ»ን ጨምረሽበት እዪው፤ በፋይሉ ላይ የሚቀየረውን መስመር ያሳይሻል። ነገር ግን የሼልና የኮማንድ ታስኮችን (ቀጥታ ትእዛዝ የሚያስኬዱትን) ቼክ ሞድ በአብዛኛው ይዘላቸዋል፤ እነሱን ዴቭ ላይ በእውነት አስኪጂያቸው። ፕሮዳክሽን ላይ ደግሞ በ«ሲሪያል» አንድ አንድ ሰርቨር እያልሽ ሂጂ። የመጀመሪያው ከወደቀ ሌሎቹ ሳይነኩ ይቆማል።