መልስ፦ ያነሰ ጎል አግብተን እንዴት አሸነፍን?

ውጤቱ ልክ ነው። በአውስትራሊያ ፉቲ (በእጅም በእግርም በሚጫወቱት የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ጎል 6 ነጥብ ነው። ኳሷ የመሃሉን ረጃጅም ቋሚዎች ስታ በጎን ካለፈች ወይም አንዱን ከነካች ቢሃይንድ ትባላለች፤ ይሄ 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ ቡድንህ በጎል አንሶ በ4 ነጥብ ማሸነፍ ይችላል።

የ2023ን ግራንድ ፋይናል፣ ማለትም የዋንጫውን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ተመልከት። ኮሊንግዉድ 12 ጎልና 18 ቢሃይንድ፣ 90 ነጥብ። ብሪዝበን 13 ጎልና 8 ቢሃይንድ፣ 86። ዋንጫው የኮሊንግዉድ ሆነ።

"በዕድል ነው ያሸነፍነው" ለሚሉህ ደጋፊዎች ደግሞ ጎሉንና ቢሃይንዱን ደምርላቸው። ድምሩ ቡድኖቹ ስንት ጊዜ ጎል ላይ እንደሞከሩ በግምት ያሳያል፤ በዚያ ጨዋታ ለኮሊንግዉድ 30 ለ21 ይመጣል። ተከላካይ ራሱ ገፍቶ የሚያስወጣቸው ቢሃይንዶችም ስላሉ ቁጥሩ ፍጹም አይደለም። ለእኔ ግን ይሄ ዕድል ሳይሆን የዒላማ ችግር ነው። የአንተ ቡድን ድምር ካነሰ ግን ደጋፊዎቹ እውነት አላቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። በመደበኛው ውድድር በ1 ነጥብም አሸነፍክ በ100፣ የምታገኘው ያው 4 የሰንጠረዥ ነጥብ ነው። "አሸንፈናል አይደል?" ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔም በ2022 እንደዚያ ነበርኩ። ኮሊንግዉድ 11 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ብዙዎቹን ለጥቂት። ግራንድ ፋይናል ሊገባ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ሲድኒ 95 ለ94 አሰናበተው። ያን ቀን ስልኬን አጥፍቼ ተኛሁ።