ባትሪ ከመጨመርዎ በፊት፦ ስለ ሶላር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከደሴ ዙሪያ፣ ከቦሩ ሜዳ ወጣ ብሎ የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቦታ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔልና አንድ ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ አስገጠምሁ። አምስት ባለ 8 ዋት አምፖሎችን በቀን 5 ሰዓት ያህል አበራለሁ፤ ቴሌቪዥኑ ከነሪሲቨሩ 50 ዋት ነው፣ 4 ሰዓት ይሠራል፤ በቀን ስምንት ያህል የደንበኛ ስልክም ቻርጅ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት መልካም ነበር፤ አሁን ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይጠፋል። የገጠመልኝ ሰው «ሌላ ባትሪ ይጨመርበት» ይላል። ዕቁብ ስለወጣልኝ ልገዛ ነው፤ ያዋጣኛል?

መልስ፦ የዕቁቡን ገንዘብ ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አምፖሎቹ በቀን 200 ዋት-ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑም 200 ይወስዳሉ፤ አንድን ስልክ 15 ዋት-ሰዓት ብንይዝለት ስምንቱ 120 ይሆናሉ። ድምሩ 520 ነው። በኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት ኃይል በሚቀይረው ዕቃ) እና በሽቦው ላይ የሚባክነው ሲታሰብ (520 ለ0.8 ሲካፈል) ከባትሪው በየቀኑ የሚወጣው 650 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ገቢውስ? በሐምሌና በነሐሴ፣ ደመናና ጉም የጦሳን ተራራ በሚሸፍኑበት ወቅት፣ በቀን ከ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ (ፓኔሉ በሙሉ ዋቱ ከሚያመርትበት ጊዜ) በላይ ባይታቀድ ይሻላል። ከ100 ዋቱ ላይ በሙቀት፣ በአቧራና በቻርጅ ሂደት የሚጠፋው ሩብ ሲነሣ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 300 ዋት-ሰዓት ብቻ ነው። በበጋ 6 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢገኝ እንኳ 450 ነው። ወጪዎ 650፣ ገቢዎ ከ300 እስከ 450 ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ባትሪው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ በቅጡ ጠግቦ አያውቅም። የአሲድ ባትሪ ደግሞ ሳይሞላ ለሳምንታት ሲቆይ በፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ የተጋገረው ክፍል ከዚያ በኋላ ኃይል አይቀበልም። መጀመሪያው ዓመት መልካም ሆኖ የታየዎት አዲሱ ባትሪ ገና ሰልፌት ስላልተጋገረበት የገባለትን ኃይል በደንብ ይመልስልዎት ስለነበረ ነው። በቀጭን ቧንቧ ለሚሞላ ሮቶ ሌላ ሮቶ ቢጨመርለት ውሃው አይበዛም፤ የእርስዎም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ አዲስ ባትሪ ከተዳከመው ጋር ጎን ለጎን ሲታሰር አሮጌው አዲሱን እየጎተተ ያደክመዋል። ይህን ምክር ተቀብለው በዓመት ውስጥ ሁለቱንም ባትሪ የጣሉ ሰዎች ቤት ገብቼ ስለማውቅ አጥብቄ እናገራለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፓኔሉ ይደግ። 650ን ለ4 ሰዓት፣ ከዚያም ለ0.75 ስናካፍል 217 ዋት ይመጣል፤ ከደመናማ ቀናት በኋላ ባትሪው እንዲያገግም 300 ዋት ቢያደርሱት መልካም ነው። ቻርጅ ኮንትሮለሩም (በፓኔሉና በባትሪው መካከል ሆኖ አሞላሉን የሚቆጣጠረው ዕቃ) 30 አምፒር የሚችል መሆን አለበት። ባትሪውን በሚመለከት፣ ፀሐይ ለሁለት ቀን ብትጠፋ 1,300 ዋት-ሰዓት ያስፈልግዎታል። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ስለሚፈለግ እጥፉን፣ 2,600ን፣ ለ12 ቮልት ያካፍሉ፤ 217 አምፒር-ሰዓት ይሆናል። ባለ 200 አንድ ባትሪ ይበቃል፤ የጎደለውን ጥቂት ነገር በደመና ቀን ቴሌቪዥኑን ቀደም ብሎ በማጥፋት ይሸፍኑታል። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከመረጡ እስከ 80 በመቶው ስለሚሠራበት 130 አምፒር-ሰዓት ገደማ ይበቃዎታል፤ ነገር ግን ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ እንዳለው ሳያረጋግጡ አይግዙ።

የአሁኑ ባትሪዎ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ በደንብ ከሞላ በኋላ ገመዶቹን ነቅለው ያሳድሩት። ጠዋት 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ከዚያም በጭነት ላይ (አምፖልና ቴሌቪዥን እየሠሩበት) ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ፣ ገና ነፍስ አለው። ምንም ሳይሠራበት አድሮ ከ12.4 በታች ከወረደ ግን ባይደክሙበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደሴ ከተማ ዳር ነው የምኖረው። ባለ 150 ዋት ፓኔሌ በግንቦት ሲገጠም በሚገባ ይሠራ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ባትሪው አይሞላም። በቴስተር ስለካው ግን ፓኔሉ 20 ቮልት ያሳያል። ፓኔሉ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ 20 ቮልቱ ፓኔሉ ደኅና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጭነት በሌለበት የሚለካ ቮልት ጥላ ቢያርፍበትም፣ ግንኙነቱ ቢዝግም ብዙ አይወርድም፤ የሚወርደው አምፒሩ ነው። ጥርት ባለ ቀን፣ 6 ሰዓት ገደማ ላይ ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ ይንቀሉ፤ የቴስተሩን ቀይ ገመድ ወደ 10 አምፒር ቀዳዳ ያዛውሩና የፓኔሉን ሁለት ጫፎች ይለኩ። ከ8 አምፒር በላይ ካገኙ ጥፋቱ ከፓኔሉ ወዲህ፣ በሽቦው፣ በኮንትሮለሩ ወይም በባትሪው ላይ ነው፤ 2 ወይም 3 ካገኙ ቀና ብለው ይመልከቱ።

ወሩን ስለጠቀሱልኝ የምጠረጥረው ባሕር ዛፍ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በግንቦትና በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን በስተ ሰሜን ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ግን በስተ ደቡብ ወደ 55 ዲግሪ ዝቅ ትላለች። በዚያን ጊዜ 15 ሜትር የሆነ ዛፍ በቀትር እንኳ 10 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። የፓኔሉ ሴሎች በተርታ የታሰሩ ስለሆኑ መዳፍ የምታህል ጥላ የብዙዎቹን ምርት ትይዛለች። ቅርንጫፉ የሚቆረጥ ካልሆነ ፓኔሉን ማዛወር ነው።

ጥላ ከሌለ ከፓኔሉ ጀርባ ያለችውን ሳጥን ይክፈቱ። ባለፈው ክረምት የከፈትኋት አንዲት ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ መያዣው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር፤ ሽቦው በጣቴ ስነካው ተነቅሎ ወጣ። በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ አዲስ መያዣ ስለውጥለት ፓኔሉ ወደ ሙሉ አምፒሩ ተመለሰ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓኔሉን ከኮንትሮለሩ ጋር ያገናኙ፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚቃጠሉ ኮንትሮለሮች አሉ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ደሴ ካለው ወንድሜ ጋር አንድ ዓይነት ባትሪ ገዛን፤ የእኔ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይጎድላል፣ የእሱ ግን አይጎድልም። ባትሪው ቆርቆሮው ሥር፣ ቆጥ ላይ ነው።

መልስ፦ ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፤ ቆርቆሮ ሥር ያለ ቆጥ ደግሞ ከውጭው አየር ይብሳል፤ ውሃውን የሚያጎድለው ይህ ሙቀት ነው። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ወደ ወለሉ አውርዱትና አየር በሚያገኝ፣ ከምድጃ በራቀ ጥግ አስቀምጡት፤ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ እሳት ይይዛል። በ25 ዲግሪ ለ14.4 ቮልት የተስተካከለ ኮንትሮለር በ35 ዲግሪ ወደ 14.2 ገደማ ዝቅ ቢል ውሃው አይፈላም፤ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ኮንትሮለር ይህን ራሱ ያደርጋል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ በፍጹም አይጨመርም። ፕሌቶቹ ከተጋለጡ እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምሩ፤ ቀሪውን ባትሪው ከሞላ በኋላ አሟሉት።