አሮጌ መነጽሯን እንዳትጥዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ 15 ዓመቷ ነው። አስቲግማቲዝም (የዓይኑ የፊት ክፍል ቅርፅ እኩል ባለመሆኑ እይታ የሚደበዝዝበት ችግር) ተብላ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መነጽር ቀያይራለች፤ አሁንም ሰሌዳው አይታየኝም ትላለች። «ሌዘር ይሠራላት ወይስ ኮንታክት ሌንስ ልግዛላት?» ብለሻል። የልጄን ታሪክ የጻፍሽ ነው የመሰለኝ። ቢረዝምም ታገሺኝ።

አንደኛ፣ ሌዘሩን ለጊዜው እርሺው። ቁጥሩ ገና እየተቀያየረ ባለ ልጅ ዓይን ላይ አይሠራም። 18 ዓመት ሞልቶ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ባለበት ሲረጋ ነው የሚታሰበው። የልጅሽ ችግር እንደኔው ልጅ ኬራቶኮነስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ ምንነቱን ከታች እነግርሻለሁ። ሌዘሩ ኮርኒያውን፣ ማለትም የዓይኑን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ያሳሳዋል፤ ይህ ችግር ያለባቸው ልጆች ኮርኒያ ድሮም የሳሳ ነው።

ሁለተኛ፣ አራተኛ መነጽር ከማሠራትሽ በፊት የኮርኒያ ቶፖግራፊ ትነሣ። የኮርኒያውን ቅርፅ የሚለካ ማሽን ነው፤ ውፍረቱንም የሚለካ አለ። አገጯን አስደግፋ ብርሃን ታያለች፣ በቃ። አያምም። የሚፈለገው ኬራቶኮነስ የሚባለው ችግር መኖር አለመኖሩ ነው፤ ኮርኒያው እየሳሳ ሾጠጥ ብሎ ወደ ፊት ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በዚሁ በጉርምስና ዕድሜ ነው። አስቲግማቲዝም ያለበት ልጅ ሁሉ ይህ አለበት አላልኩም፤ አብዛኛው በመነጽር ተስተካክሎ ይኖራል። ግን ቁጥሩ እየሮጠ፣ አዲሱም መነጽር አጥርቶ ካላሳያት ጠርጥሪ።

እኔ አልጠረጠርኩም። ደብረ ብርሃን የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ልጄ አንድ ማታ በረንዳ ላይ ቆሞ «አባዬ፣ ጨረቃዋ ሦስት ሆነችብኝ» አለኝ። ሳቅኩበት። የፊዚክስ ፈተና ስለነበረበት ሰበብ የሚፈልግ መሰለኝ። የመንገድ መብራት ጭራ ያወጣብኛል ሲልም «ስልክ ቀንስ» ነው ያልኩት። መነጽር ቤቱም ያለን ይህንኑ ነው፤ ስልክ ያበዛል፣ ካሮት አብሉት። እናቱ አንድ ወር ሙሉ ካሮት ስትፍቅ ከረመች።

ሦስተኛው ነው ያቃጠለኝ። ወረቀቱን ያዥ! ዓይኗ በተለካ ቁጥር የሚሰጥሽን፣ ሲሊንደር (የአስቲግማቲዝሙ መጠን) እና አክሲስ (አቅጣጫው) የሚል የተጻፈበትን ወረቀት ማለቴ ነው። እኔ መነጽር ባሠራሁ ቁጥር ወረቀቱን ለመነጽር ቤቱ ሰጥቼ እወጣ ነበር። አራት ጊዜ። በኋላ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥተን፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ አዲስ አበባ አንዲት የኮርኒያ ሐኪም ዘንድ ቀረብን። ቶፖግራፊውን አይታ ኬራቶኮነስ መሆኑን ነገረችን። ቀጥላም «ያለፉት ቁጥሮቹ የት አሉ? በምን ፍጥነት እየሄደ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለች። በእጄ ያለው የዚያኑ ቀን ቁጥር ብቻ ነው። በአንድ ነጥብ መስመር እንደማይሠመር ለተማሪ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እዚያ ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ሌላ ማስረጃ ከሌለ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንለካው አለች።

ተመልሼ መነጽር ቤቱ ሄድኩ። የድሮዎቹን ቁጥሮች መዝገባችሁ ላይ ፈልጉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አባቴ፣ እኛ መነጽር እንጂ ወረቀት አንሸጥም» አለችኝ። አራት መነጽር የገዛሁበት ቤት እኮ ነው! ከአስተማሪ ደሞዝ። የክፈፍ ምርጫ ላይማ ሻይ ሁሉ አቅርበውልኝ ነበር።

ያዳነችኝ ባለቤቴ ናት። ምንም ነገር አትጥልም፤ ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። አሮጌዎቹን መነጽሮች ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከክርና ከአዝራር ጋር አስቀምጣቸዋለች። አንዱ እጀታው የለም፣ አንዱ በፕላስተር ተጠግኗል። ለካስ የሌንስ ቁጥር የሚያነብ መሣሪያ አለ! ክሊኒኩ መነጽሮቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ አነበባቸው። የቀኝ ዓይኑ ሲሊንደር 1.50፣ ከዚያ 2.25፣ ከዚያ 3.50፣ ከዚያ 4.75። አክሲሱም እየዞረ ነበር። ሐኪሟ ሦስት ወር መጠበቁን ትታ ለክሮስ ሊንኪንግ ቀጠሮ ሰጠችን።

እሱ ምን መሰለሽ፣ የኮርኒያው የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሣል፤ ሪቦፍላቪን የሚባል የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጨመርበታል፤ ከዚያ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል። ኮርኒያው ይጠነክራል። ሥራው ማቆም ነው እንጂ ወደ ድሮው መመለስ አይደለም፤ ይህን አስቀድመሽ ለልጅሽ ንገሪያት። የእኔው ልጅ ከሕክምናው ሲነሣ አጥርቶ የሚያይ መስሎት ነበርና አልቅሷል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምም አለው። የተለመደው አሠራር ኮርኒያው ቢያንስ 400 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ውፍረት እንዲኖረው ይፈልጋል። የልጄ 431 ነበር። በካሮት ሌላ ዓመት ብጨምርበት ኖሮስ?

ለማየቱ የረዳው ጠንካራው ኮንታክት ሌንስ ነው። ለስላሳው ሌንስ ኮርኒያው ላይ ተለጥፎ የኮርኒያውን ቅርፅ ይይዛል፤ ለቀላል አስቲግማቲዝም የተሠራ ለስላሳ ሌንስም አለ፤ ለእሱ ግን አልሠራም። ጠንካራው ከላይ የራሱን ልሙጥ ገጽ ይፈጥራል። የእኛ ከተማ ነፋስና አቧራ ግን ጠላቱ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን እንባው ይወርድ ነበር። በቧንቧ ውሃ አይነካም፣ ተደርጎም አይተኛም። ሶሉሽኑን ሳያልቅ ቀድመሽ ግዢ።

አንድ የረሳሁት፦ ዓይኗን ታሻለች? የእኔ ልጅ በአለርጂ ምክንያት ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሽ ነበር፤ ማሸት ነገሩን ያባብሰዋል። አለርጂው ይታከምላት፣ ግን ከፋርማሲ በራስሽ የስቴሮይድ ጠብታ እየገዛሽ አይደለም። እሱ የዓይን ግፊት ጨምሮ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

እና ዛሬውኑ መሳቢያሽን ፈትሺ፤ ሦስቱንም መነጽሮች በአንድ ፌስታል አድርጊ። ሌንሱ ቢሰነጠቅም ይዘሽው ሂጂ። ቁርስም አብያት፣ ወረፋው ረጅም ነው።