ጎርፍ ከወጣ በኋላ፦ ጉድጓዱና ግድግዳው

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ዳር ነው የምንኖረው። ደሴ ላይ በጣለው ዝናብ ጎርፉ ግቢያችን ገብቶ የውሃ ጉድጓዳችንን አደፈረሰው። ሁለት ጠርሙስ በረኪና ጨመርንበት፤ አሁንም ይሸታል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በረኪናውን ጭቃው በልቶታል። ክሎሪን ደለልና ቆሻሻ ካገኘ እዚያው ያልቃል፣ ለጀርሙ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ተቀድቶ ይደፋ፤ ከሥር የተኛው ደለል ይውጣ። በባልዲ ቀስ እያላችሁ ቅዱ። መሬቱ ውሃ እንደጠገበ ባንድ ጊዜ ካደረቃችሁት ጉድጓዱ ሊናድ ይችላል። የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ማስነሳት ፈጽሞ አይሞከር፤ ጭሱ እታች ታምቆ የወረደውን ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል።

አዲስ ውሃ ሲጠራቀም ጫፉ ላይ ድንጋይ ያሰራችሁበትን ገመድ አውርዳችሁ የረጠበውን ለኩ። ከጎን እስከ ጎን ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ክብ ጉድጓድ በእያንዳንዱ ሜትር 785 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ 3 ሜትር ውሃ ካለው 2,350 ሊትር ግድም ነው። ለዚህ 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና 1 ሊትር ይበቃል። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ግን ጉልበት የለውም። በአንድ ባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ ማታ አፍሱት፣ ባልዲውን ወጣ ገባ እያደረጋችሁ አዋህዱት፣ እስከ ጠዋት አትንኩት። ጠዋት የበረኪናው ሽታ እስኪቀንስ እየቀዳችሁ ድፉ።

የፋብሪካ ፍሳሽ የደረሰበት ጉድጓድ ከሆነ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ኬሚካልን በረኪናም ማፍላትም አያወጣውም፤ ለመጠጥ አይሁን።

ጥያቄ፦ የጭቃ ቤታችን እስከ ወገቡ ርሷል። ቅሬያችን (እድራችን) ሲሚንቶ ልግዛላችሁ ብሎናል። በሲሚንቶ ብናስለስነውስ? ጅጌውንስ (ደቦውንስ) መቼ እንጥራ?

መልስ፦ ለግድግዳው ሲሚንቶ አይሁን። ጭቃ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ቆይቶም እንደ ቅርፊት ይነሳል።

ውሃው ከደረሰበት ምልክት አንድ ክንድ ከፍ ብላችሁ አሮጌውን ምርጊት አንሱ። ቋሚዎቹን ከመሬት በሚገናኙበት ቦታ በቢላ ጫፍ ውጉ። ቢላው ያለ ጉልበት ከገባ ያ ቋሚ ይቀየራል፤ ጣሪያውን በባላ ደግፋችሁ፣ አንድ በአንድ።

ጅጌው ግድግዳው ሳይደርቅ አይጠራ። ክንድ የሚያህል ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋችሁ ቸንክሩና አሳድሩት፤ ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ገና ነው። ጉምና ብርድ የሚበዛበት የደሴ ቤት ከኮምቦልቻው ይዘገያል። እስከዚያ ጭቃው የጤፍ ጭድ ገብቶበት፣ በየቀኑ እየተረገጠ፣ አንድ ሳምንት ያህል ይብላላ። ጭድ ያነሰው ይሰነጠቃል፤ ባንድ ጊዜ በወፍራሙ የተለጠፈ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደረብ።

ቅሬው መግዛቱ ካልቀረ ሲሚንቶው ከግድግዳው ግርጌ ውጭ በኩል ለሚዞረው የድንጋይ ልባጥና ለቦዩ ይዋል። የጣሪያው ጠፈጠፍ እየፈናጠረ የሚበላው እዚያን ነው።